የተሸነፉ እጆች

አንድ ሕግ ሲጸድቅ ዜናው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ»። የተቃወሙት ስንት እንደነበሩ ከተነገረ በአንድ ትንፋሽ ነው። ምን ብለው እንደተቃወሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነገርም። የእኔ ዓይን ደግሞ (አመል ነው መቼስ) ቀድሞ የሚሄደው ወደ ትንሹ ቁጥር ነው። እስቲ ዛሬ ከእነዚያ ትንንሽ ቁጥሮች ጀርባ ከነበሩት ሰዎች አንዱን፣ በ2017 ዓ.ም. ያረፉትን አቶ ቡልቻ ደመቅሳን እናንሳ። «የወለጋው ሰው ለእኛ ለጎጃሞቹ ምናችን ነው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ ወደ ዳሞት መምጣቴ አይቀርም።

አቶ ቡልቻ ፓርላማ የገቡት ለሹመት የሚጓጓ ሰው በሚገባበት ዕድሜ አልነበረም። በንጉሡ ዘመን የገንዘብ ሚኒስቴር ምክትል ሚኒስትር ነበሩ። በዓለም ባንክና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ሠርተዋል። ደርግ ከወደቀ በኋላ አዋሽ ባንክን ካቋቋሙት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ የመሩት ኦፌዴን 11 መቀመጫ አገኘና እርሳቸውም ሰባዎቹን ተሻግረው አራት ኪሎ ገቡ። ከ547 መቀመጫ 11 ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማስላቱን ለአንባቢ ትቻለሁ። በዚያ ላይ ተሰናባቹ ምክር ቤት ሊበተን ሲል ደንቡን ቀይሮት ነበር። ቀድሞ 20 አባላት ተስማምተው አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር፤ በአዲሱ ደንብ ግን ከግማሽ በላይ የሆነ ድጋፍ ያስፈልጋል። እንግዲህ ተቃዋሚው ሌላው ባመጣው ጉዳይ ላይ አስተያየት ይሰጣል እንጂ የራሱን ጉዳይ ይዞ መምጣት አይችልም ማለት ነው። ሰርግ ተጠርቶ የሚሄድ እንጂ የሚደግስ አይደለም።

የመጀመሪያው ትልቅ ቆጠራ የተደረገው ኅዳር 21 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። አገሩ ኅዳር ጽዮንን ሲያከብር ምክር ቤቱ የጦርነት ውሳኔ ቀርቦለት ነበር። በሶማሊያ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት የደቀነውን አደጋ ለመመከት መንግሥት ሕጋዊና አስፈላጊ የሆነውን እርምጃ ሁሉ ይውሰድ የሚል ነው። መንግሥት ክርክር አልነበረውም አልልም። የኅብረቱ መሪዎች በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ አውጀው ነበር። እነ አቶ ቡልቻ፣ ዶክተር በየነ ጴጥሮስና ሌሎቹ የተቃዋሚ አባላት ግን የንግግሩ መንገድ ገና ተሟጦ አላለቀም፣ ወደዚህ ጦርነት አንግባ አሉ። ድምፁ ተቆጠረ፦ 311 ድጋፍ፣ 99 ተቃውሞ፣ 16 ድምፀ ተአቅቦ። ወሩ ሳይሞላ ሠራዊቱ ሞቃዲሾ ገባ። የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በጥር 2001 ዓ.ም. ነው። ፍርድ ቤቶቹ ፈርሰው ከውስጣቸው የወጣው አልሸባብ ከእነርሱ የባሰ ሆኖ ተገኘ። ስንት የኢትዮጵያ ልጆች እዚያ እንደቀሩ ደግሞ መንግሥት ቁጥሩን አላወጣም። በዚያን ጊዜ ልጁን ለውትድርና የሰጠ የገጠር ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ለማን ያቀርብ ነበር? ለተወካዩ ነበር መሆን የነበረበት።

አሁን ወደ ዳሞት።

አቶ ቡልቻ ከሠሩበት ከገንዘብ ሚኒስቴር ቤት በኅዳር 1960 ዓ.ም. አንድ አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ። እርሳቸው በሕጉ እጃቸው ነበረበት እያልኩ አይደለም። እያልኩ ያለሁት፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ሕጉ ክፉ አልነበረም። ብዙ ያመረተ ብዙ ይክፈል ነው የሚለው። በፓርላማው ታይቶ ጸድቋል፤ ሥርዓቱን ጠብቋል። ግን ያ ፓርላማ ፓርቲ የሌለው፣ ለመወዳደር ንብረት የሚጠይቅ ፓርላማ ነበር። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ገማች መሬት ሊያይ መጣ ማለት ቀላድ ሊጣል ነው፣ ቀላድ ተጣለ ማለት ርስት ሊሄድ ነው። ይህን ፍርሃት የሚያውቅ ሰው አዳራሹ ውስጥ ቢኖርም የሰማው አልነበረም። ሕጉ ቆላ ደጋ ዳሞትና ሞጣ ሲደርስ ገበሬው አልከፍልም ብሎ ጠመንጃውን አነሳ። መንግሥት ፖሊስና ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ንጉሡም ውዝፉን ግብር ማሩ። ልብ በሉ፣ የተማረው ግብር በመጨረሻ ላይሰበሰብ ነው ያ ሁሉ ሰው የሞተው። የአውራጃው ዋና ከተማ ስም ፍኖተ ሰላም መሆኑን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል።

ጎጃሜው «ሕጉ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ሲባል ቶሎ የማይረጋጋው ለዚህ ይመስለኛል። አዳራሽ ውስጥ ያልተሰማ ተቃውሞ ጠፍቶ አይቀርም፤ ዞሮ ገጠር ላይ ይፈነዳል። አቶ ቡልቻም ከአርባ ዓመት በኋላ በሌላ አቅጣጫ የሚሉት ይህንኑ ነበር። የኢኮኖሚ ሰው ስለነበሩ ብዙ ጊዜ የሚታወሱት በበጀትና በዋጋ ንረት ክርክር ነው። የታሰሩ ሰዎችን ጉዳይም ግን ደጋግመው ያነሱ ነበር። በጥቅምት 2001 ዓ.ም. የራሳቸው ፓርቲ ዋና ጸሐፊ አቶ በቀለ ጅራታ ሲታሰሩ ደግሞ ነገሩ ከቤታቸው ገባ።

2001 ዓ.ም. የከፋ ዓመት ነበር። ታኅሣሥ 28፣ የገና ዋዜማ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621/2001 በ327 ድጋፍና በ79 ተቃውሞ አለፈ። ከገቢው ከመቶ አሥር በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት ስለ ሰብአዊ መብት አይሠራም አለ ሕጉ። ሰው በግ ሲገዛ ያለፈ ሕግ ነው።

ሌላው በሰኔ መጣ። በዚያ ዓመት ሰኔ አንድ የዋለው ሰኞ ነበር። እናቶቻችን «ሰኔና ሰኞ ገጠመ» የሚሉት ዓይነት። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ምክር ቤቱ ዓመታዊ ሥራውን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 የጸደቀው በዚያችው ቀን፣ ሰኔ 30፣ ሻንጣ በሚሸከፍበት ሰዓት ነው። 286 ድጋፍ፣ 91 ተቃውሞ፣ 1 ድምፀ ተአቅቦ። ምን ይላል ሕጉ? በአንቀጽ 6 ከሕዝቡ አንዳንዱ እንኳ «ሽብርን ያበረታታል» ብሎ ሊረዳው የሚችል ንግግር ወይም ጽሑፍ ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ይይዛል። ተጠርጣሪ ክስ ሳይመሠረትበት እስከ አራት ወር ሊቆይ ይችላል። አቶ ቡልቻ ይህ ሕግ ገዢው ፓርቲ ተቃዋሚዎቹን የሚያዳክምበት መሣሪያ ነው አሉ። መልሱ የታወቀው ነበር፦ ሕጉ ከሠለጠኑት አገሮች የተወሰደ ነው፣ ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?

እንግዲህ የሆነውን እንይ። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ዞን ዘጠኝ በሚል ስም አብረው ይጽፉ የነበሩ ስድስት ጦማሪዎችና ሦስት ጋዜጠኞች ተያዙ፤ በዚሁ ሕግ ተከሰሱ። ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ ከፊሉ ክሱ ተቋርጦ ሌሎቹ በነፃ ተለቀቁ። እንደ እኛው ብዕር ይዘው ከተቀመጡ ልጆች በቀር ያገኙት «አሸባሪ» አልነበረም ማለት ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የታሰሩት አቶ በቀለ ገርባ፣ በኦፌዴን ጊዜ የአቶ ቡልቻ ምክትል የነበሩት ሰው፣ በዚሁ አዋጅ ተከሰሱ፤ የተፈቱት በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። ቡልቻ መሣሪያ ያሉት ነገር የራሳቸውን ምክትል መታ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ቆጠራ አጭር ነው። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ከተቃዋሚ አንድ ሰው ብቻ፣ አቶ ግርማ ሰይፉ፣ ገቡ። በ2007 ዓ.ም. ማንም። አዳራሹ ሙሉ በሙሉ የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። ከዚያ ግን አስገራሚው ነገር መጣ። የካቲት 23 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የአድዋ በዓል ዕለት፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለድምፅ ሲቀርብ አንድም ተቃዋሚ በሌለበት ቤት 88 እጆች ተቃወሙ። አፈ ጉባኤው መጀመሪያ 346 ደገፉ ብለው ቆይተው 395 ነው ብለው አረሙት፤ ለሁለት ሦስተኛው ደግሞ 360 ያስፈልግ ነበር። ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። ሰኔ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በዚያው አዳራሽ ቆመው የመንግሥት አካላት ሰው ሲያሰቃዩ እንደነበር አመኑ፤ ያም ራሱ ሽብር ነው አሉ። የማኅበራቱ ሕግ በአዋጅ 1113/2011፣ የፀረ ሽብሩ በአዋጅ 1176/2012 ተሻሩ። የ79ኙና የ91ዱ ክርክር በአሥር ዓመት ውስጥ የመንግሥት ቋንቋ ሆነ። ማንም ግን ተነሥቶ «ያኔ ልክ ነበራችሁ» አላላቸውም።

ይህን እንደ ድል አድርጌ ልዘጋው ነበር። የ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ግን አይፈቅድም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን የምክር ቤቱ አባል አቶ ክርስቲያን ታደለ ታሰሩ፤ ያለመከሰስ መብታቸው የተነሣው ከወራት በኋላ ነው። ነሐሴ 7፣ ሰው በፍልሰታ ጾም ላይ ሳለ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮች ለዜና ወኪሎች ተናገሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደብረ ብርሃን በድብደባ ሲቪሎች መጎዳታቸውን የሚያመለክት ተአማኒ መረጃ እንደደረሰው አሳወቀ። በማግስቱ ነሐሴ 8 ምክር ቤቱ ተሰብስቦ አዋጁን አጸደቀ። 16 እጆች ተቃወሙ፣ 12 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ዜናው የነገረን ቁጥሩን ብቻ ነው። የቡሬው ገበሬ የመረጠው ሰው እጅ ከየትኛው ወገን እንደነበረ ከዚያ ዜና አላገኘውም።