ከስድስቱ ውሃ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ

እጃችሁ ላይ አንድ ነጭ የማግኒዥየም ክሎራይድ ክሪስታል አለ እንበል። ሲያዩት ደረቅ ነው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ግን ውሃ ነው፤ በእያንዳንዱ ማግኒዥየም ዙሪያ ስድስት የውሃ ሞለኪውሎች ተደርድረዋል።

ማግኒዥየም ብረትን ለማግኘት ይህን ጨው አቅልጦ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይቻላል። ጀርመናዊው ኬሚስት ሮበርት ቡንሰን እ.ኤ.አ. በ1852 ይህንኑ አሳይቷል። ጨው ግን መጀመሪያ መድረቅ አለበት። "ታዲያ እሳት ላይ መጣድ ነዋ!" ትሉ ይሆናል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያዎቹ አራት ሞለኪውሎች ያን ያህል ሳያስቸግሩ ይተናሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ግን በሙቀቱ ከጨው ጋር ይዋሃዳሉ፤ ክሎሪኑ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሆኖ ይበናል፣ ኦክስጅኑ ማግኒዥየሙ ላይ ይቀራል። የሚፈጠረው ኦክሳይድ በቀለጠው ጨው ውስጥ አይቀልጥም፤ ዝቃጭ ሆኖ ሥራውን ያበላሻል።

ኢንዱስትሪው ለዚህ ሦስት መላ አበጀ። የመጀመሪያው የተገኘው ከጀርመን የስታስፉርት ጨው ማዕድን ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1856 የተገኘው ካርናላይት ማግኒዥየም ክሎራይድን ከፖታሲየም ክሎራይድ ጋር የያዘ ጥምር ጨው ነው። እሱም ስድስት ውሃ አለው፤ ሆኖም ሲሞቅ ክሎሪኑን በቀላሉ አይለቅም። በ1886 በሄመሊንገን ማግኒዥየም ለገበያ መመረት የጀመረው ከዚሁ ጨው ነበር።

ሁለተኛው መላ ውሃውን ከናካቴው መሸሽ ነው። ኢ.ገ. ፋርበን የተባለው የጀርመን ኩባንያ ማግኒዥየም ኦክሳይድን ከካርቦንና ከክሎሪን ጋር በማጋል በቀጥታ ደረቅ ጨው ሠራ።

ሦስተኛው ደግሞ ከውሃው ጋር መኖር ነው። የአሜሪካው ዳው ኩባንያ በ1941፣ ለጦር አውሮፕላን ማግኒዥየም እጅግ በሚፈለግበት ወቅት፣ በቴክሳስ ፍሪፖርት ከባሕር ውሃ ብረቱን ማውጣት ጀመረ። ጨውን በከፊል ብቻ አድርቆ ያስገባ ነበር። የተረፈው ውሃ የግራፋይት ኤሌክትሮዶቹን ቢበላበትም የሚወጣውን አሲድ ሰብስቦ መልሶ ይጠቀምበት ነበር።

ካርናላይት በእኛም አገር፣ በዳሎል ከርሰ ምድር ይገኛል። እዚያ በዋናነት የሚፈለገው ለማዳበሪያ የሚሆነው ፖታሽ ነው። ማግኒዥየሙም አብሮ አለ። ግን ጨው መኖሩ ብቻ ብረት አያስገኝም። "ማዕድን አለን" ሲባል ስትሰሙ "ውሃውንስ እንዴት እናወጣዋለን?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ወጪው ያለው እዚያ ነው።