መሸኛ ሳይወስዱ መሄድ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚደረገው የኑሮ ሽግሽግ

የአገራችን የፍልሰት ጥናት ዓይኑ ወደ አዲስ አበባ ከሚመጣው ሰው ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ከገጠር የሚመጣው ወጣት፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሥራ ፈላጊው ምሩቅ ተጠንተዋል። ከአዲስ አበባ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አነስተኛ ከተማ የሚወጣው ሰው ግን ከጉዳይም የተቆጠረ አይመስልም። የፍልሰት ጥናት አባት የሚባለው ራቨንስታይን ገና እ.ኤ.አ. በ1885 እያንዳንዱ ዋና የፍልሰት ጅረት የራሱን መልስ ጅረት እንደሚፈጥር ጽፎ ነበር። ይህ መጣጥፍ ከእነዚያ መልስ ጅረቶች አንዱን ይመለከታል፤ ከባሕር ወለል 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘውና ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ወደምትርቀው ደብረ ብርሃን የሚሄደውን። የጸሐፊው ክርክር አጭር ነው። ይህ እንቅስቃሴ ዋና ከተማን ለቆ መሄድ አይደለም። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ከተማ መኖሩ ነው፤ ሰውየው ይሄዳል፣ ወረቀቱ አዲስ አበባ ይቀራል።

በበለጸጉት አገሮች እንዲህ ያለው ሽግግር የራሱ ሥነ ጽሑፍ አለው። ብራያን ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1976 የአሜሪካ ሕዝብ ከትልልቆቹ ከተሞች ወደ አነስተኞቹ ማዘንበሉን አይቶ የከተሜነት መቀልበስ ብሎ ካወጀ ወዲህ፣ ተመራማሪዎች ምክንያቱን በንጹሕ አየር፣ በሰፊ ግቢ፣ በጡረታና በመኪና መንገድ ሲያስረዱ ኖረዋል። በዚህ ማብራሪያ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ሰው መራጭ ነው፤ የሸጠው ቤት አለው፣ በእጁ ካፒታል ይዟል። የአዲስ አበባውን የላምበረት መናኸሪያ በማለዳ ያየ ሰው ግን ይህን ማዕቀፍ እንዳለ ለመቀበል ይቸገራል። እዚያ ፍራሽ ጠቅልሎ፣ የጋዝ ሲሊንደሩን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኖ ከረዳቱ ጋር በጭነት ዋጋ የሚከራከረው አባወራ የተራራ አየር ናፍቆት አይደለም የሚሄደው።

ይልቅ የራሳችን ታሪክ የተሻለ መነሻ ይሰጣል። ሮናልድ ሆርቫዝ እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ኢትዮጵያ ተንቀሳቃሽ ዋና ከተሞች ባሳተመው ጥናት፣ የነገሥታቱ መቀመጫ በየጊዜው ይነሣ የነበረበትን ምክንያት ሲመረምር ዙሪያውን ያለው ማገዶና ስንቅ ማለቁ ደጋግሞ ይነሣል። ደብረ ብርሃን ራሷ በዚህ ልማድ ውስጥ የተለየች ናት። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ከቦታ ቦታ መዘዋወሩን ትተው በንግሥናቸው የመጨረሻ ዓመታት የረጉት እዚያ ነው። እሳቸው ሲያልፉ ልጃቸው በእደ ማርያም ለቀቋት፤ መንግሥቱም ወደ ድንኳን ተመለሰ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበር፣ ከአንጎለላና ከደብረ ብርሃን እየተፈራረቁ ገዙ። ምኒልክም ከአዲስ አበባ በፊት በዚያው በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በልቼ ተቀምጠዋል፤ በ1870 ዓ.ም. ለዐፄ ዮሐንስ የገቡትም እዚያ ነው። ከዚያ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ በ1879 ዓ.ም. ወደ ፍልውኃው ሜዳ። አዲስ አበባም ቢሆን ለመነሣት ጥቂት ነበር የቀራት፤ እንጨቱ አልቆ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ዓለም ላይ አዲስ መቀመጫ እስከማሠራት ደርሰው ነበር። ያቆማት ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው።

እንግዲህ የዋና ከተማው ነዋሪ ዛሬ የሚያልቅበት ማገዶ የቤት ኪራይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ከሆነ ወዲህ የአዲስ አበባ ድሀ የተጠለለው በቀበሌ ቤት፣ በደባልነትና ከግለሰብ ግቢ ጀርባ በተቀጠለ ሰርቪስ ውስጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ እነዚህን ሰፈሮች ሲያነሣ፣ ለባለይዞታውና ለቀበሌ ቤት ተከራዩ ምትክ ይታሰብ እንጂ ከግለሰብ የተከራየው በአብዛኛው ከስሌቱ ውጭ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በተቆጣጣሪው አካል እንዲወሰን ደንግጓል። መልካም ነው። ነገር ግን አዋጁ ቤት ያለውን ተከራይ ይጠብቃል እንጂ ቤቱ ለፈረሰበትና አዲስ ለሚፈልገው ሰው ክፍል አይሠራለትም። ይህ ሰው ፊቱን መጀመሪያ ወደ ለገጣፎና ወደ ሰንዳፋ ያዞራል፤ እዚያም ሲወደድበት መንገዱን ተከትሎ አለልቱን፣ ሸኖንና ጫጫን አልፎ ደብረ ብርሃን ይደርሳል።

ከተማዋ የምትቀበለው ሁሉ ግን ተገፍቶ የመጣ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ መምህራንን ይስባል፤ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የቢራ ፋብሪካዎቹና ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ ያለው የብርድ ልብስ ፋብሪካ ቴክኒሽያንና የሒሳብ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ተመድቦ የመጣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ አለ፤ ጡረታ ወጥቶ ወደ አባቱ አገር የተመለሰ መኮንን አለ። እነዚህ የተሻለ ቤት ይዘው፣ ልጆቻቸውን አዲስ አበባ ትተው፣ ቅዳሜና እሑድ ይመላለሳሉ። በገቢ ከተገፋው አባወራ ቢለዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሙሉ በሙሉ የመጣ የለም።

ሲመጡ የሚጠብቃቸው መጀመሪያ ብርዱ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የአምስት መቶ ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት ሦስት ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይቀንሳል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ደግሞ ውርጩ ሜዳውን ያነጣዋል። ይህ በቤት አስተዳደር ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የኢኮኖሚ ጥናት ቢንቀውም ባልትና ያላት ሴት በመጀመሪያው ሳምንት ታውቀዋለች። ውኃ በደብረ ብርሃን የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ያንሳል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ በድስት ውስጥ ግን የባቄላ ንፍሮና የአተር ክክ ምድጃ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ያራዝማል። የእንጀራው ሊጥም ይዘገያል። አዲስ አበባ በለመደችው ቀን አብሲት ጥላ ብትጠብቅ ሊጡ ኩፍ አይልም፤ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልላ ወደ ምድጃው ማስጠጋት ወይም ሌላ ቀን መጠበቅ አለባት። ማገዶው ደግሞ ኩበት ነው፤ ዛፍ በሳሳበት በዚያ ደጋ የከብት እበት ከእርሻ ይልቅ ወደ ምድጃ መሄዱ የቆየ ጉዳይ ነው። ኤሌክትሪክ ምጣድ ያመጣችው የአዲስ አበባ ሴት መብራት ሲጠፋ ከጎረቤት ኩበት ትገዛለች፤ ጭሱን ዓይኗ እስኪለምደው ጊዜ ይወስዳል። ከኪራይ የተረፈው ገንዘብ በማገዶ፣ በብርድ ልብስና በትራንስፖርት መልሶ እንደሚወጣ ማንም ቀድሞ አይነግራትም። ስለዚህም «ደብረ ብርሃን ርካሽ ነው» የሚለው አባባል ኪራዩን ብቻ ለሚያይ ሰው እውነት ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ የዚህ መጣጥፍ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ነዋሪ ከወረዳ ወደ ወረዳ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ሲዛወር ከሚለቀው አስተዳደር መሸኛ ወስዶ በሚሄድበት ይመዘገባል፤ ደንቡ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ የሚወጣው ሰው ግን በአብዛኛው መሸኛ አይጠይቅም። በ2005 ዓ.ም. ለ20/80 እና ለ40/60 የጋራ መኖሪያ ቤቶች በተካሄደው ምዝገባ የተመዘገበና ስንት ዓመት ሲቆጥብ የኖረ ሰው የአዲስ አበባ ነዋሪነቱን ማጣት አይፈልግም፤ ዕጣው የነዋሪ ነው። መታወቂያውን ካስረከበ የቆጠበውን ገንዘብ ባያጣ እንኳ ተስፋውን ያጣል። ስለዚህ መታወቂያው በእናቱ ወይም በወንድሙ ቤት አድራሻ ይታደሳል፤ ልጁ የስምንተኛ ክፍል ፈተናውን እዚያው ይፈተናል። ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ሰውየው ለዓመታት «እንግዳ» ሆኖ ይቀመጣል። ይህን ማጭበርበር የሚሉ የወረዳ ሹሞች አይጠፉም። እኔ እስከማየው ድረስ ግን ድሀ ቤተሰብ የሀብቱን ትልቁን ክፍል፣ ማለትም ዕጣ የመጠበቅ መብቱን፣ እንዳይበተን የሚያስቀምጥበት ጥንቃቄ ነው።

የጸጥታው ሁኔታ ይህን ጥንቃቄ አጠንክሮታል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደብረ ሲና ሲጠጋ፣ የከተማዋ ሰው መንገዱ ወደ ደቡብ ብቻ እንደቀረው ዐወቀ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ደግሞ ያንኑ የደቡብ መንገድ በየጊዜው ይዘጋዋል። ከዚያም በፊት በዚያው ዓመት ከክልሉ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ መንገደኞች ከመንገድ ላይ እንዲመለሱ መደረጋቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጾ ነበር። በኬላ ላይ የትኛው ከተማ መታወቂያ እንደሰጠህ የሚያልፍና የሚመለስ ሰው በሚለይበት ወቅት፣ የአዲስ አበባን መታወቂያ መልሶ መምጣት ለማን ያዋጣል? ከተማውን ለቅቆ ወረቀቱን መጠበቅ የዘመኑ አስተዋይነት ሆነ።

ከሁሉ የከበደው የከተማዋ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ዋና ከተማው የተወደደባቸው ሰዎች በሚመጡበት በዚያው ጊዜ፣ ከወለጋ የተፈናቀሉ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ደብረ ብርሃን ገብተዋል። ቻይና ካምፕ በሚባለው ሥፍራና በሌሎች መጠለያዎች በሸራ ሥር የከረሙ አሉ፤ አቅም ያገኘው ደግሞ ወጥቶ አንዲት ክፍል ይከራያል። ከአዲስ አበባ የመጣውና ከወለጋ የመጣው አባወራ የሚፈልጉት ያንኑ ክፍል ነው፤ ደላላው አንድ፣ የሚያንኳኩት በር አንድ። ለቤቱ ባለቤት ሁለቱም ተከራይ ናቸው፤ የቅድሚያ ክፍያ መያዝ የሚችለው ግን የአዲስ አበባው ነው። ስለ ከተሜነት መቀልበስ የተጻፈው ሥነ ጽሑፍ መጪው ሰው በነባሩ ላይ ስለሚያመጣው የኪራይ ንረት ብዙ ይላል። ከዋና ከተማ የተገፋው ሰው ከመኖሪያው የተፈናቀለውን ሰው መልሶ ሲገፋ ግን ምን እንደሚባል አልተጻፈበትም። እዚህ ላይ ራሴን ገለልተኛ ነኝ አልልም፤ የኪራይ ቁጥጥሩ ሕግ በክልል ከተሞች በቁም ነገር ሊታሰብበት የሚገባው ከምንም በላይ በእነዚህ ሰዎች ምክንያት ነው።

የማኅበራዊ ትስስሩን ነገር በአጭሩ ማንሣት ይበቃል። አዲስ መጤው በቀላሉ የሚገባበት የሰፈር ተቋም እድር ነው፤ መግቢያ ከፍሎ ወርኃዊውን እስከጣለ ድረስ መታወቂያ የሚጠይቀው የለም። ሆኖም ብዙዎች የአዲስ አበባውን እድር አይተዉም፤ ሁለት ቦታ ይከፍላሉ። ለእነዚህ ሰዎች የሁለቱ ከተሞች መለያ ነጥብ ማን ቀድሞ ድንኳን ይተክላል የሚለው ነው።

ይህ ሁሉ ለስታትስቲክስ የሚያስከትለው ችግር ቀላል አይደለም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ያኔ 2,739,551 ሕዝብ ሲኖራት ደብረ ብርሃን 65,231 ነበራት፤ አርባ ሁለት ለአንድ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው፤ የነዋሪ መዝገብም መሸኛ ያልወሰደውን ሰው አዲስ አበባ ላይ፣ መጠለያ ውስጥ ያለውን ተፈናቃይ ደግሞ በእርዳታ ዝርዝር ላይ ብቻ ያገኘዋል። የደብረ ብርሃን ውኃና የመሬት ዕቅድ ሁለቱንም አይቆጥርም፤ ቧንቧው ግን ለሁለቱም ይቀዳል። የሚቀጥለው ቆጠራ ሲዘጋጅ በመጠይቁ ላይ አንድ ጥያቄ ሊጨመር ይገባል፦ የዚህ ቤተሰብ አባላት ትናንት ማታ ስንት ከተማ ውስጥ አደሩ? መታወቂያው የት እንደታደሰ ከዚያ በኋላ ሊጠየቅ ይችላል።