የገመድ አልባ የልብ መሣሪያዎች የደኅንነት ክፍተት

ክፍተቱ በሰውነት ውስጥ የሚተከል የልብ ምት መቆጣጠሪያን ባልተፈቀደለት ሰው በሬዲዮ ሞገድ እንዲነበብ ወይም እንዲታዘዝ የሚያጋልጥ ድክመት ነው። ሐኪሙ ያለ ቀዶ ሕክምና መሣሪያውን የሚያስተካክልበት ይህ የሬዲዮ ግንኙነት ካልተጠበቀ ለአጥቂም መግቢያ ይሆናል።

ክፍተቱ በይፋ የታየው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ፣ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ሆነው፣ ከአንድ የሜድትሮኒክ ኩባንያ የልብ መሣሪያ የታካሚ መረጃ አነበቡ፤ ሕክምናውን አጠፉ፤ ልብን የሚያናውጥ የኤሌክትሪክ ምት እንዲለቅም አዘዙት። መረጃው ሳይመሰጠር ይተላለፍ ነበር።

ስጋቱ ቀድሞ የገባቸውም ነበሩ። የቀድሞው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ በ2007 የተተከለላቸው የልብ መሣሪያ ገመድ አልባ ግንኙነት እንዲዘጋ መደረጉን በ2013 ተናግረዋል።

መፍትሔው ቀላል አይደለም። ጠንካራ ምስጠራ ለዓመታት መቆየት ያለበትን ትንሽ ባትሪ ይበላል፤ የተቆለፈ መሣሪያ ደግሞ ራሱን የሳተ ታካሚ የደረሰበትን የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ሊያግድ ይችላል።

በነሐሴ 2017 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአገሪቱ 465,000 ገደማ የአቦት ኩባንያ የልብ ምት መቆጣጠሪያዎች እንዲህ ያለውን ክፍተት የሚዘጋ የሶፍትዌር ማሻሻያ እንዲያገኙ አሳወቀ። በወቅቱ በታካሚ ላይ የደረሰ ጉዳት አልተመዘገበም። ሦስት ደቂቃ ያህል የሚወስደው ማሻሻያ የሚጫነው ታካሚው በአካል ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ብቻ ነው።