ከወታደር እጅ ወደ አዳኝ እጅ፤ የጥንት ጠመንጃዎችና የሰደፋቸው ታሪክ

ስለ ጦር መሣሪያ የሚጻፍ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ብረቱን ነው። ጠመንጃው መቼ ተሠራ፣ በየትኛው ጦርነት አገለገለ እየተባለ ይመረመራል። እንጨቱ፣ ማለት ሰደፉ፣ ግን እምብዛም አይነሣም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው፣ አንድ ጠመንጃ ባለቤቱን በለወጠ ጊዜ ለውጡን ከሁሉ ይልቅ የሚመሰክረው ሰደፉ መሆኑን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1898 የጀርመን ጦር የፓውል ማውዘርን ጠመንጃ ተቀበለ። ይህ ጠመንጃ መቀርቀሪያው በእጅ እየተሳበ ጥይት የሚጐርስና ቀለሁን የሚተፋ ሲሆን፣ ጥንካሬው የታወቀ ነበር። የአሜሪካ ጦር በ1903 የተቀበለው ስፕሪንግፊልድ የማውዘርን አሠራር እጅግ ስለ ተከተለ፣ የአሜሪካ መንግሥት ለፈጠራው መብት 200,000 ዶላር ለመክፈል ተገደደ።

የእነዚህ የጦር ጠመንጃዎች ሰደፍ ለብዙ ሺህ ወታደር በአንድ ልክ የተሠራ ነው። እንጨቱ እስከ አፈሙዙ አጠገብ የሚዘልቀው ብረቱ በተኩስ ሲግል የወታደሩን እጅ እንዳያቃጥል ነው። አዳኝ ግን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጥይት ቢተኩስ ነው፤ ስለዚህ ያ ሁሉ እንጨት ሸክም ይሆንበታል።

ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1909 ለአደን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ በመጡ ጊዜ ከያዟቸው መሣሪያዎች አንዱ ሰደፉና ማነጣጠሪያው ለእርሳቸው እንዲስማማ የተለወጠ ስፕሪንግፊልድ ነበር። ይህንንም በ1910 ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸዋል። ሲሞር ግሪፊን የተባለ የኒውዮርክ የእንጨት ሥራ ባለሙያ የሩዝቬልትን ታሪክ አንብቦ ስፕሪንግፊልድ ገዛና ዎልነት ከተባለው ዛፍ አዲስ ሰደፍ ሠራለት። በ1923 ከጄምስ ሃው ጋር በመሆን በስማቸው የሚጠራውን ሱቅ ከፈቱ። እንግዲህ የቤት ዕቃ ሠሪ ጠመንጃ ሠሪ የሆነው በእንጨቱ በኩል መሆኑን ልብ ይሏል።

ይሁን እንጂ ሰደፍ ከመምረጥ በፊት ብረቱን መመርመር ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ስፕሪንግፊልዶች ብረት ሲጋል ሠራተኞቹ ሙቀቱን የሚለኩት የብረቱን ቀለም በዓይን በመመልከት ነበር። ፀሐይ በደመቀ ቀን ቀለሙ ስለሚያታልል ብረቱ ከልክ በላይ ይግልና ተሰባሪ ይሆን ነበር። አንዳንዱም በተኩስ ጊዜ ፈነዳ። በዚህ ምክንያት በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ የተሠሩትና ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት እስከ ዛሬ አይታመኑም። እንዲህ ላለው ጠመንጃ የተዋበ ሰደፍ መሥራት አደጋን መሸለም ነው።

ብረቱ ደኅና ከሆነ የእንጨቱ ተራ ይሆናል። ዎልነት የሚመረጠው ቀላልም ጠንካራም ስለሆነ፣ ለመፍለፍም ስለሚመች ነው። በቀስ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ እንጨት በኋላ ይጣመምና ብረቱን ገፍቶ ጥይቱን ከዒላማው ያስታል። እጅ በሚጨብጠው ቀጭን አንገት ላይ የእንጨቱ ጅማት በቁመቱ መሄድ ይኖርበታል፤ አግድም ከሄደ ጠመንጃው ሲራገጥ ይሰነጠቃል። የጉንጭ ማስደገፊያው ከፍታም ከማነጣጠሪያው ጋር ይስማማ፤ መነጽር ከብረቱ በላይ ሲገጠም ማስደገፊያው ከፍ ካላለ የአዳኙ ዓይን መነጽሩን ሲፈልግ አውሬው ይሄዳል። በመጨረሻም የተልባ ዘይት እየደጋገሙ ማሸት እርጥበትን ይቀንሳል።

ከ1945 በኋላ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ በርካሽ ተሸጡ። የጥበቡ ባለቤት ያልሆነውም ሁሉ መጋዝ አንሥቶ የፊተኛውን እንጨት ቆረጠ። በ1968 የወጣው ሕግ ትርፍ የጦር ጠመንጃ ከውጭ እንዳይገባ ሲከለክል፣ ያልተነካው ጠመንጃ እየተፈለገ ሄደ። የተቆረጠው ግን ሊመለስ አልቻለም፤ ከእንጨቱ ጋር የፋብሪካው ማኅተምና የወታደሩ ጭረት ጠፍቷል።

እንግዲህ መለወጥ ሁሉ ጥፋት ነውን? አይደለም። የግሪፊን ሰደፍ የዘመኑን አዳኝ አሳብ ስለሚናገር ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው። የሚያሳዝነው አሮጌውን ደምስሶ አዲስ ነገር ሳይናገር የቀረው ለውጥ ነው።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በ1896 በዓድዋ የተተኮሰው ውጅግራ፣ ማለት የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ፣ እርሱ ራሱ ሻስፖ የተባለው የ1866 ጠመንጃ ለብረት ቀለህ እንዲስማማ ተሻሽሎ የተገኘ ነው። በአገራችን ሰደፉ ተሰንጥቆ በጥሬ ቆዳ የተጠፈረ ጠመንጃ ይገኛል። ቆዳውን ገፎ፣ እንጨቱን ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት ለዓይን ያምር ይሆናል። ነገር ግን ያ ጥፍር ባለቤቱ በመሣሪያው ላይ የጻፈው ብቸኛ ጽሑፍ ሊሆን ይችላልና፣ ከመፋቃችን በፊት እናንብበው።