የሃርድ ዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድ በቀደምት ፒሲዎች

የሃርድ ዲስክ መቆጣጠሪያ ካርድ ማዘርቦርድ ላይ ተሰክቶ በፕሮሰሰሩና በዲስኩ መካከል ዳታ የሚያመላልስ ሰሌዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በተሠሩ ፒሲዎች የዲስኩ ፍጥነትም ተስማሚነትም በአብዛኛው የሚወሰነው በዚህ ካርድ ነበር።

በ1983 የወጣው አይቢኤም ኤክስቲ 10 ሜጋባይት ዲስክ ነበረው። ዲስኩ በደቂቃ 3,600 ጊዜ ይሽከረከራል፤ አንዱ ትራክ ባለ 512 ባይት 17 ሴክተሮችን ይይዛል። በስሌት በሰከንድ 522,240 ባይት ይነበባል ማለት ነው። ማሽኑ ግን አይደርስበትም። ካርዱና ባለ 4.77 ሜጋኸርትዙ ፕሮሰሰር አንዱን ሴክተር አስተናግደው ሳይጨርሱ ቀጣዩ ከማንበቢያው ሥር ያልፋል፤ እስኪመለስም ሙሉ ዙር ይጠበቃል። መፍትሔው ተከታታይ ቁጥር ያላቸውን ሴክተሮች አራርቆ ማስቀመጥ ነበር፤ ይህም ኢንተርሊቭ ይባላል። አይቢኤም ለኤክስቲ 6 ለ 1 መረጠ፦ ትራኩ በ6 ዙር ይነበባል፣ ፍጥነቱም በሰከንድ 87,040 ባይት ይሆናል። ይህንኑ ማሽን «ለማፍጠን» 1 ለ 1 ያደረገ ሰው በየሴክተሩ አንድ ዙር ስለሚያባክን 17 ዙር ይጠብቃል፤ የሚያገኘውም 30,720 ባይት ብቻ ነው።

ተስማሚነቱ ከዚህም ይከብዳል። በአንዱ ካርድ ፎርማት የተደረገ ዲስክ በሌላ አምራች ካርድ ብዙ ጊዜ አይነበብም፤ ስለዚህ አሮጌ ዲስክ የሚገዛ ሰው ካርዱንም አብሮ ቢወስድ ይበጀዋል። አርኤልኤል የተባለው አጻጻፍ ሴክተሮቹን ከ17 ወደ 26 ያሳድጋል፤ ለዚያ ያልተሠራ ዲስክ ላይ ግን ዳታ ለጥፋት ይጋለጣል። የኤክስቲ ካርድ የራሱን ባዮስ ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያዎቹ የአይቢኤም ፒሲ 5150 ባዮሶች ደግሞ ይህን ተጨማሪ ባዮስ ፈልገው ስለማያገኙ ካርዱ ቢሰካም ሥራ አይጀምርም።

በ1980ዎቹ አጋማሽ የመጣው አይዲኢ መቆጣጠሪያውን ወደ ዲስኩ አዛወረው። ዳታውን የሚያስተላልፈው ግን በ16 ቢት ስለሆነ ባለ 8 ቢቱ የኤክስቲ መሰኪያ በቀጥታ አይቀበለውም። የቀደምት ፒሲ ወዳጆች የሠሩት ኤክስቲ-አይዲኢ ካርድ የላይኛውን 8 ቢት ለጊዜው ይዞ በተራው ያቀብላል። በመጀመሪያው ንድፍ የሁለቱ ግማሾች አድራሻ ተራርቆ ስለነበር ለየብቻ ይነበቡ ነበር። ኋላ ሁለት የአድራሻ መስመሮች ሲቀያየሩ ግማሾቹ ጎን ለጎን ሆኑ፣ በአንድ ትእዛዝም መነበብ ጀመሩ፤ የካርዱ ፍጥነት በእጅጉ የተሻሻለው ያኔ ነው። ዛሬ በዲስኩ ቦታ ብዙ ጊዜ የሚሰካው ኮምፓክት ፍላሽ ስለማይሽከረከር ኢንተርሊቭ አያስፈልገውም፤ ፍጥነቱን የሚገድበው ፕሮሰሰሩና መሰኪያው ነው።