በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስፌት

በላስታ ደጋ በሙጃ አገር የባላገሩ ቤት ግንቡ ድንጋይ፥ ምርጉ ጭቃ ነው፤ ጌጡ ግን ከሣር ይመጣል። ሴቶች ስንደዶውንና አክርማውን እየጠቀለሉ በወስፌ ይሠሩታል፤ ከአንዲት ነጥብ ተነሥቶ እየዞረ ሲሰፉት ይሰፋል። ሰፌዱ፥ ሙዳዩና አገልግሉ ሥራ በፈታ ጊዜ በግድግዳ ይሰቀላል፤ ከአይጥና ከእርጥበትም ይድናል፥ የእመቤቲቱንም ሙያ ለእንግዳ ይናገራል።

ክብሩም ጥንታዊ ነው። መና የተቀመጠባትን የወርቅ ዕቃ የግዕዙ መጽሐፍ መሶበ ወርቅ ብሎ በመጥራቱ የእንጀራውን ዕቃ ስም ሰጥቷታል።

ነገር ግን መሶብ ያለ እህል ባዶ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን በመታ ጊዜ ብዙ ሰው ከብቱን፥ ከዚያም የቤት ዕቃውን ሸጦ ወደ ኮረምና ወደ ሌላው መጠለያ ተሰደደ። እንዲህ ባለ ዘመን ከዕቃው ጋራ፥ ልጅ ከእናትዋ ሥር ተቀምጣ የምትማረው ጥበብ ይቋረጣል። ዕቃው ከገበያ ይተካል፤ የተቋረጠ ሙያ ግን በገንዘብ አይገዛም። ዛሬም የፕላስቲክ ዕቃ በርካሽ ሲገባ የሚያሠጋው ይኸው ነው። ስለዚህ በግድግዳ ላይ ስፌት ያየ ሰው ጌጥ ብቻ አየሁ አይበል፤ ከክፉ ቀን የተረፈ ትምህርት አይቷልና።