የምት ዓይነትና የጎል ዕድል በአይስ ሆኪ

በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ (ኤን ኤች ኤል) ዒላማቸውን ጠብቀው ወደ ግብ ከሚሄዱ 10 ሙከራዎች ከመረብ የሚገናኘው በግምት 1 ነው። ይህ አማካይ ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል። ፑኩ በምን ዓይነት ምት፣ ከየት ቦታ፣ ግብ ጠባቂው በምን ሁኔታ ላይ ሳለ እንደተላከ ሲታይ ዕድሉ በእጅጉ ይለያያል። ተመልካቹን ከመቀመጫው የሚያስነሳው ኃይለኛ ምት ደግሞ፣ ብዙዎች ከሚጠብቁት በተቃራኒ፣ ጎል በመሆን ረገድ ወደ ኋላ ከሚቀሩት አንዱ ነው።

ፑክ ከጠንካራ ጎማ የሚሠራ ዝርግ ክብ ነው። ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር፣ ዲያሜትሩ 7.6 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከ156 እስከ 170 ግራም ነው፤ በረዶው ላይ እንዳይነጥርም ከጨዋታ በፊት ይቀዘቅዛል። ግቡ 1.83 ሜትር ስፋትና 1.22 ሜትር ከፍታ ብቻ ስላለው፣ ወፋፍራም መከላከያ የለበሰ ግብ ጠባቂ ሲቆምበት ለመቺው የሚታየው ክፍት ቦታ ጥቂት ነው።

ከሁሉም ፈጣኑ ምት ስላፕ ሾት ይባላል። ተጫዋቹ ዱላውን ወደ ኋላ አንሥቶ በሙሉ ኃይሉ ያወርደዋል። የዱላው ጫፍ መጀመሪያ የሚያርፈው ግን ፑኩ ላይ ሳይሆን ከፑኩ ትንሽ ቀደም ብሎ በረዶው ላይ ነው። በዚያች ቅጽበት የዱላው እጀታ ይለመጣል፤ ተመልሶ ሲቃና ደግሞ ያጠራቀመውን ጉልበት ለፑኩ ያስረክባል። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ጥቁር ተጫዋቾች በነበራቸው ሊግ ውስጥ ኤዲ ማርቲን የተባለ ተጫዋች ይህን ምት ከብዙዎች ቀድሞ ይጠቀምበት እንደነበር የሚጽፉ የታሪክ ሰዎች አሉ። በሰፊው የታወቀው ግን በ1950ዎቹ፣ በተለይም በሞንትሪያሉ በርናርድ ጄፍሪየን ነው፤ «ቡም ቡም» የሚለው ቅጽል ስሙም ከምቱ ድምፅ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በኦታዋ በተካሄደ የኮከቦች የክህሎት ውድድር ላይ 2.06 ሜትር የሚረዝመው ስሎቫካዊ ዝዴኖ ቻራ በሰዓት 175.1 ኪሎ ሜትር የተለካ ምት መትቷል።

ያም ሆኖ ቻራ በ1,680 የመደበኛው ውድድር ጨዋታዎች ያስቆጠረው 209 ጎል ነው። ተከላካይ ስለነበር አብዛኛውን ጊዜ የሚሞክረው ከሩቅ ነው፤ ቁልፉም እዚህ ላይ ነው። በኤን ኤች ኤል ሜዳ የማጥቂያ ክልሉን የሚከልለው ሰማያዊ መስመር ከግቡ መስመር 19.5 ሜትር ይርቃል። በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር የሚበር ፑክ ይህን ርቀት ለመጨረስ 0.44 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከ6 ሜትር ርቀት በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የተላከ ፑክ ግን በ0.2 ሴኮንድ ይደርሳል፤ ይህ የሰው ልጅ አይቶ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ከሚያስፈልገው ጊዜ ጋር የሚቀራረብ ነው። በዚያ ላይ ዱላውን ወደ ኋላ ማንሣቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ግብ ጠባቂው ቦታውን ያስተካክላል፣ ተከላካዮችም በፑኩ መንገድ ላይ ይወድቃሉ።

ለዚህ ነው በሊጉ ከሚደረጉት ሙከራዎች ግማሽ ያህሉ ሪስት ሾት የሆኑት። በዚህ ምት ፑኩ ከዱላው ጫፍ ሳይለይ ተጎትቶ በእጅ አንጓ ጥምዘዛ ይወነጨፋል። ስናፕ ሾት ደግሞ ጉተታውን አሳጥሮ በአጭር ፍንጠራ የሚለቀቅ ነው። ሁለቱም የስላፕ ሾትን ፍጥነት አይደርሱበትም፤ መቼ እንደሚለቀቁ ግን ለግብ ጠባቂው አይናገሩም። እ.ኤ.አ. በ2010 በቫንኩቨር ኦሊምፒክ ፍጻሜ ካናዳና አሜሪካ 2 ለ 2 ተለያይተው ወደ ጭማሪ ሰዓት ሲገቡ፣ ሲድኒ ክሮስቢ ከጃሮም ኢጊንላ የተቀበለውን ፑክ ሳይዘገይ ዝቅ አድርጎ ላከው። የውድድሩ ኮከብ ተብሎ የተመረጠው ግብ ጠባቂ ራያን ሚለር እግሮቹን ሳይገጥም ፑኩ በመሀላቸው አልፎ ወርቁ የካናዳ ሆነ። ጎሉን የወለደው ጉልበት ሳይሆን ፑኩ የተለቀቀበት ቅጽበት ነው።

ባክሃንድ በዱላው ጀርባ የሚመታ ነው። በ1960ዎቹ የቺካጎዎቹ ስታን ሚኪታና ቦቢ ሃል የጎበጠ የዱላ ጫፍ ካስፋፉ ወዲህ በጀርባው መምታት ከበደ፤ ጉብጠቱ ለፊት ለፊቱ ምት ሲያግዝ የጀርባውን ቁጥጥር ይቀንሳል። ክሮስቢ ቀጥ ያለ ሊባል የሚችል ዱላ የሚመርጠውም ባክሃንዱን ላለማጣት ነው። ምቱ ደካማ ቢሆንም ጎል የመሆን ዕድሉ ከስላፕ ሾት ይበልጣል፤ ምክንያቱም በአብዛኛው የሚሞከረው ከግቡ አጠገብ ነው፣ ግብ ጠባቂውም ፑኩ ከፍ ይበል ዝቅ ከዱላው አያያዝ ማንበብ ይቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በሊልሃመር ኦሊምፒክ ፍጻሜ የመለያ ምት ሲመታ ስዊድናዊው ፒተር ፎርስበርግ የካናዳውን ኮሪ ኸርሽን ወደ አንድ ወገን ስቦ ከወሰደው በኋላ፣ ዱላውን በአንድ እጅ ዘርግቶ በጀርባው ፑኩን ወደ ባዶው ጎን አንሸራተተው። ስዊድን ይህን ጎል በፖስታ ቴምብር ላይ አውጥታዋለች።

ከፍተኛውን የስኬት ምጣኔ የያዘው ግን ራሱን የቻለ ምት እንኳ አይደለም፤ የሌላውን ምት መጨረፍ ነው። አንዱ ከሩቅ የላከውን ፑክ ግቡ ፊት የቆመ ጓደኛው በዱላው ጨርፎ አቅጣጫውን ያስቀይረዋል። ግብ ጠባቂው ሰውነቱን ለመጀመሪያው አቅጣጫ አዘጋጅቷል፤ በቀሩት አንድ ሁለት ሜትሮች ውስጥ ራሱን ማረም አይችልም። ጆ ፓቬልስኪ በዚህ ጥበብ ስሙ የሚነሣ ሲሆን፣ በዲትሮይት ደግሞ ቶማስ ሆልምስትሮም በግብ ጠባቂው ዓይን ፊት እየቆመ የኒክላስ ሊድስትሮምን ምቶች ጎል አድርጓል። ሕጉ ፑኩ ሲጨረፍ ዱላው ከግቡ አግዳሚ ከፍታ እንዳያልፍ ይከለክላል። እዚያው የቆመ አጥቂ ግብ ጠባቂው የተፋውን ፑክ ለማግኘትም ከማንም ይቀድማል። የዛሬ ተከላካዮች ከሩቅ ሲመቱ ከኃይል ይልቅ ፑኩን በሰው መሀል አሾልኮ ማሳለፍን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

ከግቡ ጀርባ ዞሮ ቋሚው ሥር ለማስገባት የሚደረገው ሙከራ ማዕዘኑ ስለሚጠብ እምብዛም አይሳካም። ፑኩን በዱላ ጫፍ ላይ አንሥቶ ከጀርባ ወደ ላይኛው ጥግ የማስገባቱን ዘዴ ማይክ ሌግ እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር አሳየ፤ በኤን ኤች ኤል የመጀመሪያው አንድሬ ስቬችኒኮቭ ነው፣ በ2019።

እንዲህ ሲባል ግን የስላፕ ሾትን ቁጥር ብቻ ይዞ ምቱን መናቅ ስሕተት ነው። ከሰማያዊው መስመር የሚላከውና የተቀበሉትን ፑክ ሳያቆሙ በቀጥታ የሚመቱት ዋን ታይመር በመዝገብ ላይ አንድ ስም ሊይዙ ይችላሉ፤ በተግባር ግን የተለያዩ ናቸው። የቀድሞው ግብ ጠባቂ ስቲቭ ቫሊኬት ሜዳውን ከግብ እስከ ግብ ለሁለት የሚከፍለውን ምናባዊ መስመር «ሮያል ሮድ» ብሎታል። ፑኩ ይህን መስመር ተሻግሮ ወዲያው ሲመታ ግብ ጠባቂው ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው መንሸራተት አለበት፤ ሲንሸራተት ደግሞ ክፍተት ይፈጠራል። አሌክሳንደር ኦቬችኪን ከግቡ ፊት በግራ በኩል በተሰመረው ክብ ላይ ሆኖ ዓመታት ሙሉ የተጠቀመው ይህንን ነው። በኤፕሪል 2025 የዌይን ግሬትስኪን 894 ጎል ያለፈበትን 895ኛውን ያስቆጠረውም ቡድኑ የቁጥር ብልጫ ይዞ ሳለ፣ ቶም ዊልሰን ያቀበለውን ፑክ ከዚያው አካባቢ መትቶ ነው። በ2022/23 የውድድር ዘመን ኤድመንተን ካገኛቸው የቁጥር ብልጫ ዕድሎች 32.4 በመቶውን ወደ ጎል ቀይሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ ሊዮን ድራይሳይትል በዚያው ሁኔታ 32 ጎል አስቆጥሯል፤ ብዙውን ጊዜ የሚቆመውም በቀኝ በኩል፣ ሌላ መቺ ማዕዘኑ ጠበበ ብሎ በሚተወው ቦታ ላይ ነበር።